ሰማንያ አምስት ያልኩበት ዳገት

የዛገ ውኃ ሲፈላ የሚያወጣው ሽታ ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታም። መጀመሪያ ብረት ብረት ይላል፤ ቀጥሎ የተጠበሰ ጎማ ይመጣል፤ በመጨረሻ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ትንሽ ጣፋጭ ነገር አለው። ባለፈው ቅዳሜ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ተደራርቦ በቆመበት ሰዓት ይህ ሽታ በመስኮት ገባ። የእህቴ ልጅ ቤዛ መሪውን እንደያዘች አንገቷን አስግጋ ወደ ኮፈኑ ተመለከተች።

“የኛ ነው እንዴ የሚሸተው?”

“የፊት ለፊቱ ገልባጭ ይመስለኛል።”

“እርግጠኛ ነህ ጋሼ?”

“አይደለሁም።”

“አይ ጋዜጠኛ! ስንት ዓመት ሠርተህ አንድ ነገር እርግጠኛ ሆነህ አትናገርም” አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሽታው የገልባጩ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ዳር ወጥቶ በእንፋሎት ተሸፈነ። ነገር ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔ ቃሊቲ መንገድ ላይ አልነበርኩም።

ቤዛ የውኃ ጉድጓድ መሐንዲስ ናት። የምትነዳው ጂፕ በዕድሜ ከእሷ ይበልጣል፤ ከአንድ ጡረተኛ ገዝታው ወንበሩን አስለብሳ፣ ቀለሙን አሳድሳ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ቦረና ቆላ ልትወርድበት ተዘጋጅታለች። መኪናው ላይ ከፋብሪካ ጀምሮ ያለው የሙቀት ጌጅ ከሞተ ቆይቷል። መርፌው ጠዋትም ቀትርም መሀል ላይ ነው። “ሞቶም ደህና ነኝ ይላል” ትላለች። ስለዚህ ተጨማሪ ጌጅ ገዝታለች፤ ቁጥር የሚያሳይ፣ ሙቀቱ ሲያልፍ የሚጮህ፣ ከነሽቦውና ከነመለኪያው በካርቶን የታሸገ። ገላን ኮንዶሚኒየም እኔ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ያሉት ወጣት መካኒኮች ግን መኪናውን አይተው ተሳሳቁ። ኮምፒዩተር የሌለው ነገር አንነካም አሏት። ከመካከላቸው አንዱ አዝኖላት “አቃቂ በሰቃ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሻን አሉ፤ ሸምሱ የሚባሉ፤ አሮጌ መኪና የሚገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው” አላት። ስሙን ስትነግረኝ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። ጋዜጣውን አልዘረጋሁም፣ አላጠፍኩም፤ እንደያዝኩት ቆየሁ። “አብረኸኝ ትሄዳለህ?” ስትለኝ እሺ አልኳት። ገላን ከገባሁ ጀምሮ የተሳፈርኩበት ታክሲ በሰቃ ሲደርስ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት የማዞር ሰው ነኝ።

እኔ ወጣት ጋዜጠኛ በነበርኩበት ዘመን አቃቂ ከተማው የሚያልቅበት ቦታ ነበር። የባቡሩ ፉጨትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲረን ሰዓት የሌለውን ሰው ያስነሡ ነበር። ሲረኑ ሲጮህ የቀን ፈረቃ ሴቶች ፀጉራቸውን በነጭ ሻሽ አስረው፣ የምሳ ዕቃቸውን በጨርቅ ቋጥረው ከበሩ ይጎርፋሉ፤ ጥጥ ብናኝ ቅንድባቸው ላይ ስለሚቀር ወጣቶቹም ያረጁ ይመስላሉ። በባቡር ጣቢያው ማዶ ሻይ ከቦምቦሊኖ ጋር በስሙኒ ይጠጣል፤ ሁለተኛ ቦምቦሊኖ የሚጨምር ሰው ደመወዝ እንደተቀበለ ይታወቅበታል። እኔ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ፤ አራት ኪስ ያለው ካኪ ጃኬት፣ ከጉልበት በታች የሚሰፋ ሱሪ፣ የደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ። አንዱ አይጽፍም ነበር፤ ለማማር ነው። የምሠራበት ጋዜጣ ለመስክ ሥራ የሚሰጠን አንድ አሮጌ ጂፕ ነበር፤ ሾፌሩ ታምሩ ይባላል።

ታምሩ አርባውን አልፎ ነበር። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ አቧራ አንገቱን እንዳይነካው በኮሌታው ዙሪያ መሐረብ ይጠመጥማል፤ ማበጠሪያውን ካልሲው ውስጥ ያስቀምጣል። ክዳኑ በፕላስተር በተጣበቀ የካሴት ማጫወቻ አንዲት ድምፀ ወፍራም ሴት ዘፋኝ ከጠዋት እስከ ማታ ታንጎራጉራለች፤ ካሴቱ ከመደጋገሙ የተነሣ አንድ ቦታ ላይ ድምፅዋ ይዋጥና ተመልሶ ይወጣል። ታምሩ ያችን ቦታ ራሱ እየዘፈነ ይሞላላት ነበር። ዛሬ ያን ዘፈን ሬዲዮ ላይ ስሰማው ሙሉ ነው። ሙሉ መሆኑ ነው የሚረብሸኝ።

የታምሩ ጓደኛ ሸምሱ ነበር። ከስልጤ በልጅነቱ የአጎቱን ሱቅ ሊያግዝ መጥቶ፣ ስኳር ከመስፈር ሽቦ መቀጠል ይሻለኛል ብሎ ኤሌክትሪሻን የሆነ። ከጣቢያው ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር፣ በባሕር ዛፍ ቋሚና በቆርቆሮ የተሠራች ቤት ነበረችው። ከፊት ለፊቷ የየመሥሪያ ቤቱ መኪና ተራ ይዞ ይቆማል፤ ሾፌሮቹ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይሟገታሉ። ግድግዳው ላይ በራሱ እጅ በቀይ ቀለም “ተጨማሪ ጌጅ እንገጥማለን” ብሎ ጽፎ ነበር። ለአረፋ ታምሩ ሙሉ ቀን ሸምሱ ግቢ ይውላል፤ ሥጋውን ሳይነካ ዳቦና ለስላሳ ይዞ። ለፋሲካ ደግሞ በግ የሚመርጥለት ሸምሱ ነው። የበጉን ጀርባ በእጁ ዳስሶ “ይሄ ፀጉር ነው፣ ሌላ የለውም” ይላል፤ ነጋዴው ይሰድበዋል፤ ታምሩ ይስቃል።

ጂፑ ዳገት አይወድም ነበር። የራሱ ጌጅ ቁጥር የለውም፤ በአንድ በኩል ሰማያዊ፣ በሌላው ቀይ፣ መሀሉ ነጭ ነው። ታምሩ በዚህ መርፌ ሁለት ጊዜ ተታልሎ ራዲያተሩ ፈልቶበታል። አንድ ቀን አብረን ሸምሱ ዘንድ ሄድን። ሸምሱ ሚናለሽ ተራ ከተፈታ የጭነት መኪና ያገኘውን ጌጅ አመጣ፤ ቁጥር ያለው፣ በቀጭን የመዳብ ቱቦ ጫፍ ላይ ሞተሩ ውኃ ውስጥ የሚገባ ጣት የምታህል መለኪያ ያለው። መለኪያውን ሻይ በሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነክሮ መርፌውን አሳየን።

“ዘጠና ሦስት” አልኩ። “ተበላሽቷል ማለት ነው። ውኃ በመቶ ነው የሚፈላው።”

“እንደዚያ ብሎ ያስተማረህ መምህር አቃቂ መጥቶ ሻይ አፍልቶ አያውቅም” አለኝ ሸምሱ። “ከፍታ ላይ ነን። እዚህ ዘጠና ሦስት ላይ ይንተከተካል። የመኪናው ክዳን ትንሽ ያፍነዋል፤ ይሄ ክዳን ደግሞ አርጅቷል። ስለዚህ የጌጁ ፋብሪካ ቀይ ያለበት ቦታ ለኛ አይሠራም።” ከሚስቱ የጥፍር ቀለም አስመጥቶ በመስታወቱ ላይ ዘጠና አምስት አጠገብ ቀይ መስመር አሰመረ።

አንድ ችግር ነበር። የመዳብ ቱቦው አይቆረጥም፣ አይቀጠልም፤ ውስጡ ያለው ነገር ከወጣ ጌጁ አለቀለት። ርዝመቱ ደግሞ ከሞተሩ ተነሥቶ ሾፌሩ ፊት አይደርስም። የሚደርሰው በቀኝ በኩል፣ የጋቢናው ተሳፋሪ ጉልበት ፊት ለፊት፣ የሲጋራ መተርኮሻው በነበረበት ቀዳዳ ነው። እዚያው ገጠመው። ሾፌሩ ከተቀመጠበት ቁጥሩ አይታየውም።

“እንግዲህ የሚያነብልህ ጋዜጠኛው ነው” አለ ሸምሱ። “ማንበብ ሥራው አይደል።”

“ያልተጻፈ እንዳያነብልኝ ብቻ” አለ ታምሩ።

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ሕጉ ይህ ነበር፦ ዳገት ስንጀምር ታምሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል “ስንት ነው?” ይላል፤ እኔ አጎንብሼ አይቼ ቁጥሩን እነግረዋለሁ። ሰማንያ። ሰማንያ አምስት። ዘጠና ሲሆን ካምቢዮ ይቀንሳል፤ መስመሩ ሲነካ ይቆማል። አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ ሠራን፤ ራዲያተሩ አንድም ቀን አልፈላም። ሌሎች ሾፌሮች አይተው ሸምሱ ዘንድ ይሰለፉ ጀመር። የተሳፋሪውን ወንበር “የጌጅ አንባቢ ቦታ” ይሉት ነበር።

ከዚያ የጀማ ዳገት መጣ። የጀማ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሁለት ቀን ቆይተን ስንመለስ ነው። ደጋው ላይ ባለችው ከተማ ስልክ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ዜናውን በስልክ ማስተላለፍ ነበረብኝ። ማስታወሻ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ፤ መኪናው ያንገጫግጨዋል፤ መስመሩ ይጣመማል። የመጀመሪያው አንቀጽ እምቢ ብሎኝ ነበር። ታምሩ “ስንት ነው?” አለ። አጎንብሼ አየሁ፤ ሰማንያ አምስት ነበር፤ ነገርኩት። ሁለት ሦስት ኩርባ ወጣን። “ስንት ነው?” አለ። አየሁ፤ አሁንም ሰማንያ አምስት ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያን ጊዜ መጣልኝ። ቶሎ ካልጻፍኩት የሚጠፋ ዓይነት ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደጻፍኩ አላውቅም። ለሦስተኛ ጊዜ “ስንት ነው?” ሲል እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ቀና አላልኩም።

“ሰማንያ አምስት” አልኩት።

ያ ሽታ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ቀጥሎ ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ጥርሱን ነክሶ እንደሚፋጭ ሰው ጮኸ፤ መኪናው ተንቀጠቀጠና ቆመ። ኮፈኑ ከዳር እስከ ዳር ይጨስ ነበር። ዘልለን ወረድን። ድንጋይ ጎማው ሥር አደረግን። እንፋሎቱ ሲያባራ ታምሩ ከታችኛው ቱቦ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘ፤ ውኃው ከላይ እስከ ታች ፈስሶ አልቋል። ሞተሩ ነክሷል፣ አይዞርም፤ የላይኛው ክፍሉ ቴስታታው ተሰንጥቋል። ወደ ወንበሬ ተመልሼ ጌጁን ያየሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ መርፌው ወርዶ ነበር። ታምሩ መሐረቡን ከአንገቱ ፈትቶ በእጁ ይዞ “ስንት ነበር ያልከኝ?” አለ።

“ሰማንያ አምስት።”

“ሰማንያ አምስት” አለ ለራሱ። ደጋግሞ አለው።

ዜናው ስለ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም። ያ እምቢ ብሎኝ የነበረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አንዲት ቃሉ እንኳ ትዝ አይለኝም። ስልክ ቤቱም አልደረስንም። መሥሪያ ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ስጠራ ግን የጻፍኩትን አስታውሳለሁ። ቅጹ ላይ “ጌጁ ስንት ያሳይ ነበር?” የሚል ጥያቄ ነበር። 85 ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ቁጥር የጻፈን ሰው ማንም አይጠራጠረውም፤ ይህን በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያልተፈቀደ ዕቃ የመንግሥት መኪና ላይ አስገጥመሃል ተብሎ ታምሩ ከመንዳት ተነሣ፤ መጋዘን ጠባቂ አደረጉት።

ከመንዳት በተነሣ ማግስት ጌጁን ከነቱቦው ፈትቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እኔን አስከትሎ ሸምሱ ዘንድ ሄደ። ሾፌሮቹ ድንጋያቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ጌጁን ሸምሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና “ይሄ ነገርህ እንጀራዬን በላ” አለው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። “ሞተሩ እየነደደ ሰማንያ አምስት ይላል።” ወደ እኔ ዞሮ “ንገረው” አለኝ። ነገርኩት።

ሸምሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፊቴን አየ። “በዓይንህ አይተኸዋል?”

“አዎ” አልኩት።

ይኼው ነው። ታምሩና ሸምሱ ከዚያ ቀን በኋላ ተነጋግረው አያውቁም። ከሳምንታት በኋላ በዚያ ሳልፍ መንገዱ ዳር ተራ የያዘ መኪና አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ በኖራ ተለቅልቋል፤ ከኖራው ሥር ግን ፊደሎቹ ይታዩ ነበር። እኔ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁለት ምንጭ ሳላገኝ አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ ወጣት ዘጋቢዎች በጥንቃቄዬ ያሾፉ ነበር፤ አለቆቼ ያመሰግኑኝ ነበር። ከየት እንደመጣ የጠየቀኝ የለም። ታምሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲሞት ቀብሩ ላይ ነበርኩ። አፈር ሲመለስ ቀና ብል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ፣ ኮፍያውን በእጁ የያዘ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። ሸምሱ ነበር። በሌላው በር ወጣሁ። መንፈስ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የማንም ሰው ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ መንገዱ ሽቅብ ሲል ከግራዬ አንድ ሰው ሊጠይቀኝ እንደሆነ ይሰማኛል፤ መልስ ፍለጋም ጉልበቴ ፊት አጎነብሳለሁ። እዚያ ምንም የለም።

የሸምሱ ቤት ዛሬ የብሎኬት ናት። በአንድ በኩል የሞባይል ጥገና፣ በሌላው የሲሚንቶ መሸጫ አለ፤ ወደ ቂሊንጦ የሚሄዱ የሠራተኛ አውቶቡሶች ደጁ ላይ እያለፉ አቧራ ይለቁበታል። ቅዳሜ ስንደርስ ሽማግሌው የመኪና ማስነሻ ሞተሪኖ ጥቅልል ይፈታ ነበር፤ ወፍራም መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አስሯል። ቤዛ ካርቶኑን አቀረበችለት። ገልጦ አየና መልሶ ዘጋው።

“ልጄ፣ ዳይናሞ ከሆነ እሠራልሻለሁ። ሽቦም ቢሆን። ጌጅ አልገጥምም።”

“ለምን አባባ? ገላን ያሉት ልጆች ከእርስዎ በቀር የሚችል የለም አሉኝ።”

“መቻሉንስ እችላለሁ። አልገጥምም ነው ያልኩሽ።”

“በሁለት ሳምንት ቦረና ልወርድ ነው እኮ! በረሃ መሀል ሞተሩ ቢነክስብኝስ?”

“እኔ ገጥሜልሽ ከሚነክስ ሌላ ገጥሞልሽ ይንከስ” አለ ሸምሱ። “ወላሂ፣ ከስድብ አይደለም። አንድ ጊዜ ገጥሜ ሰው ጠፍቶብኛል።”

ቤዛ የሞተ ሰው ያለ መስሏት ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳበች። ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው ያናገረኝ ማለት እችላለሁ፤ እውነቱ ግን ከዚያ በፊት፣ ገና መኪናው ሲቆም፣ እግሬ መሬት ሲነካ፣ መናገሬ እንደማይቀር አውቄ ነበር።

“ጋሽ ሸምሱ፣ አላወቁኝም” አልኩ።

መነጽሩን አደረገ። ፊቴን መረመረ። “ጋዜጠኛው።”

“አዎ።”

“አርጅተሃል።”

“ያን ቀን በዓይንህ አይተኸዋል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አዎ ብዬዎታለሁ። አላየሁም። እጽፍ ነበር። ቀና ሳልል ነው ሰማንያ አምስት ያልኩት።”

የሚፈታውን ሽቦ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቤዛ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ታያለች። አንድ አውቶቡስ አቧራውን ለቆብን አለፈ።

“ለታምሩ ነግረኸዋል?”

“አልነገርኩትም።”

“ሲሞትም?”

“ሲሞትም።”

ሸምሱ ተነሥቶ በር ላይ ቆመ፤ ጀርባውን ሰጠን። ሲመለስ ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር፤ ያን ከሱ አልጠበቅኩም። “እንግዲያው ስንት ነበር? ከመስመሩ አልፎ ነበር አይደል? ጌጁ ደህና ነበር አይደል? እኔ እኮ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነክሬ ሞክሬዋለሁ፤ አንተም አይተሃል። ስንት ዓመት ተኝቼ የማስበው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ምናልባት ቱቦውን ሳጥፈው አንቄዋለሁ፣ ምናልባት እጄ ነው የበደለው እላለሁ። አልፎ ነበር በለኝ።”

አንድ ቃል ነበር የፈለገው። መቶ አስር ብዬው ቢሆን፣ መርፌው ከቀዩ መስመር ወዲያ ነበር ብዬው ቢሆን፣ ይህ ሽማግሌ ያን ሌሊት ይተኛ ነበር። የሚያጋልጠኝም የለም። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ያላየሁትን ቁጥር እንደገና ልሰጠው ነበር፤ ያውም ለዚያው ሰው፣ እዚያው ቤት፣ እዚያው ጥያቄ ላይ።

“አላውቅም” አልኩት። “ሁለት ጊዜ አይቼ ሰማንያ አምስት ነበር። ሦስተኛውን አላየሁም። ጌጁ አሁንም ካለዎት እንሞክረው።”

“ቆራሌው ወስዶታል፤ ከመዳብ ጋር።” ተቀመጠ። “ደግሞም ውኃው አስቀድሞ አልቆ ከነበረ መለኪያው አየር ነው የሚለካው። አየር ደግሞ ዝቅ ይላል። ጌጁ ደህና ሆኖም ሰማንያ አምስት ሊል ይችላል።” በጣቱ ጠረጴዛውን ጠረገ። “ስለዚህ ማንም አያውቅም።”

“ማንም አያውቅም።”

እንደሚያባርረኝ ገምቼ ነበር። እሱ ግን ኮፍያውን አደረገና “ተነሥ” አለኝ። መንገዱን ተሻግረን ሁለት ሽማግሌዎች ሻይ ወደሚጠጡበት ቤት አስገባኝ። በዚያ ዘመን ድንጋዩ ላይ ይቀመጡ ከነበሩት ሾፌሮች የቀሩት እነዚህ ናቸው አለ። “ታምሩ በሰው ፊት ነው የተናገረኝ። አንተም በሰው ፊት ትናገራለህ።” ቆሜ ተናገርኩ። ስጨርስ አንደኛው ሽማግሌ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ “የቱ ታምሩ?” አለ።

“ባለ መሐረቡ” አለው ሸምሱ።

“እሱንማ አውቀዋለሁ። የምን ጌጅ ነው ግን?”

ሁለተኛው ሳቀ። “እኔ ዳይናሞ ብቻ ነው የምትሠራ ይመስለኝ ነበር፣ ሸምሱ። ጌጅም ትሠራ ነበር እንዴ?”

ሸምሱ ወደ እኔ ዞረ። ስሙን ያጠፋበትን ነገር የምናስታውስ በዓለም ላይ የቀረነው እሱና እኔ ነበርን። ሻይ አዘዘልኝ። አልጠላሁህም፣ ይቅር ብዬሃለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከሻይ በኋላ ስንመለስ ሸምሱ ጂፑ ውስጥ ገባ፤ ማለቴ ግማሽ አካሉ ኮፈኑ ውስጥ ገባ። ቤዛን “ያን ካርቶን አምጪው” አላት። ውኃውን በባልዲ ቀዳ፤ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ቆርጦ የመለኪያውን ማስገቢያ መሀሉ ላይ ሰካ፤ በሁለቱም በኩል አጠበቀ። ከዚያ ካርቶኑ ውስጥ የሌለ አንድ ጥቁር ሽቦ ከራሱ ጥቅልል ቆርጦ ከመለኪያው ወደ ሞተሩ አካል አሰረ። “ይሄ ማሳ ሽቦ ነው” አላት። “መለኪያው በጎማ መሀል ስለሚቀመጥ ኤሌክትሪኩ መመለሻ የለውም። ይሄን ሳይሰጡት የሚገጥሙ አሉ፤ ቁጥር ይሰጥሻል፤ ቁጥሩ ግን የራሱ ፈጠራ ነው።” ቤዛ ማስታወሻ ያዘች። የሚጮህበትን ልክ ወረቀቱ ላይ ካለው ዝቅ አድርጊው፣ ጮኾ ባይበርድልሽ ደግሞ መጀመሪያ ውኃው መኖሩን እይ እንጂ በጌጁ ብቻ አትተማመኚ አላት። ጌጁን የት ላድርገው ሲላት “በእኔ በኩል” አለች፤ እሱም ከመሪው በላይ ዓይኗ በሚያርፍበት ቦታ አሰረላት። ሞተሩ ተነሣ፤ ቁጥሩ ከሃያዎቹ ተነሥቶ ይወጣ ጀመር። ሸምሱ ቁጥሩን አላየም። እጁን ጎማው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

ልንሄድ ስንል በመስኮቴ በኩል መጣ።

“እናንተ ጋዜጣ ላይ ስትሳሳቱ ምንድን ነው የምታደርጉት?”

“ማረሚያ እናወጣለን።”

“የት ገጽ ላይ?”

“ብዙ ጊዜ ውስጥ ገጽ ላይ ነው። ከታች፣ በትንሹ።”

“በትንሹም ይሁን፣ ጻፈው” አለ ሸምሱ። “ያላየኸውን ግን እንዳትጨምርበት።”

እነሆ ጽፌዋለሁ። በጀማ ዳገት ላይ ታምሩ ለሦስተኛ ጊዜ በጠየቀኝ ሰዓት ጌጁ ስንት ያሳይ እንደነበር አላየሁም። ሰማንያ አምስት ያልኩት እኔ ነኝ።